ሆደ ባሻ ልጆች፦ የቦርደርላይን ጠባይና የወሎ ጉርምስና

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ቶሎ የሚከፋውን ልጅ ሰው «ሆደ ባሻ» ይለዋል። ቶሎ የሚነደው «ግልፍተኛ» ነው። ተቀይሞ ሳምንት ሙሉ የሚዘጋው ደግሞ «አኩራፊ»። ሦስቱም በአንድ ልጅ ላይ ሲገጥሙ «ተዉት፣ ዕድሜው ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ስሜት መውጣትና መውረዱ የጤና ነው።

አንዳንዴ ግን ነገሩ ከዕድሜ ያልፋል። ልጅቱ ጠዋት «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ» ያለቻትን ጓደኛዋን፣ ማታ ስሟን መስማት አትፈልግም። ልጁ በአንድ ቃል ተነሥቶ በር ይሰብራል፤ ሰዓት ሳይሞላ በጸጸት ያለቅሳል። ማንም ሳይነካቸው «ውስጤ ባዶ ነው» ይላሉ። ራሳቸውን የሚጎዱም አሉ። ይህ ለሳምንት ሳይሆን ለዓመት ሲቀጥል፣ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ጓደኛም ዘንድ ሲታይ፣ ባለሙያዎች ቦርደርላይን የስብዕና መታወክ የሚሉትን ማሰብ ይጀምራሉ።

ስሙ ራሱ ግራ ያጋባል። ቦርደርላይን ማለት «ድንበር ላይ ያለ» ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አዶልፍ ስተርን በ1938 እ.ኤ.አ. ቃሉን ሲጠቀም፣ ሕመምተኞቹ በጭንቀት ሕመምና ከእውነታ በሚያርቅ ሕመም መካከል የቆሙ መስለውት ነበር። ያ አስተሳሰብ ዛሬ ተትቷል። ስሙ ግን ቀረ። በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መጽሐፍ ውስጥም ገባ። እኔን ከጠየቃችሁኝ «ሆደ ባሻ» የሚለው የአገራችን ቃል ከድንበሩ ይልቅ ለነገሩ ይቀርባል። ጉዳዩ የሆድ ነውና፤ ስሜት ቶሎ የሚነካው ሆድ።

በዚያ የምርመራ መጽሐፍ ዘጠኝ ምልክቶች ተዘርዝረዋል። ከዘጠኙ ቢያንስ አምስቱ መገኘት አለባቸው። መተው መፍራት፣ የሚዋልል ወዳጅነት፣ ያልጸና ማንነት፣ ችኩልነት፣ ራስን መጉዳት፣ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ስሜት፣ ባዶነት፣ መቆጣጠር የሚያቅት ቁጣ፣ በጭንቀት ጊዜ የሚመጣ ጥርጣሬ ወይም ከራስ የመለየት ስሜት። ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ሁኔታው ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት አለበት። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። መጀመሪያ የስብዕና ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይለካል፤ «ቦርደርላይን» የሚለው በላዩ የሚጨመር መግለጫ ነው። ለጎረምሳ ይህ ሳይሻል አይቀርም። በዚያ ዕድሜ ጠባይ ገና ሊጥ ነው። ምልክቶቹ በጉርምስና መካከል ከፍ ብለው፣ በአብዛኞቹ ላይ ዕድሜ ሲጨምር ይቀንሳሉ። ከአዋቂዎች መካከል ችግሩ ያለባቸው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ያህል እንደሆኑ ይገመታል።

የሚነድ እንጨትና «ሆድ ይፍጀው»

መነሻውን በተመለከተ ዛሬ በጣም የሚጠቀሰው የማርሻ ሊንሃን ማብራሪያ ነው። ሊንሃን አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። በ17 ዓመታቸው የአእምሮ ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር በ2011 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ተናግረዋል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁት ከውጭ ብቻ አይደለም።

እንደ እሳቸው ሐሳብ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ። አንደኛው ከልጁ ጋር የሚወለድ ነው። አንዳንድ ልጅ ስሜቱ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ሲቀጣጠል ነበልባሉ ትልቅ ነው፣ ለመብረድም ጊዜ ይፈጅበታል። እርጥብ እንጨት አለ፣ ደረቅ እንጨት አለ። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር የሚመጣ መሆኑን ይጠቁማሉ። ሁለተኛው ልጁ የሚያድግበት ቤት ነው። የሚሰማውን ሲናገር «ውሸትህን ነው»፣ «ምን አጣህና»፣ «አታካብጅ» የሚባልበት ቤት። ልጁ የራሱን ስሜት ማመን ያቅተዋል። ስሜቱን በልኩ ሲናገር የሚሰማው የለም፤ ሲጮህ ግን ሁሉም ይሰማዋል። ስለዚህ መጮህ ይማራል። እሱ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ይበልጥ ይዘጋበታል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይሄዳል እንጂ ጥፋተኛው ወላጅ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ አይደለም።

እዚህ ላይ ወሎን ማሰብ ግድ ነው። ወሎ ፍቅር የሚነገርበት አገር ነው። ክርስቲያኑ «ወላሂ» ብሎ ይምላል፣ በአንድ ቤት መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የሚሄድ ዘመድ ይገኛል፣ እንግዳ በማር ቃል ይቀበሉታል። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። ሐዘንን በዜማ ማውጣትን በተመለከተ ከወሎ የሚወዳደር ያለ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ሕግ አለ፦ «ሆድ ይፍጀው»። ያውም የሚባለው በክፋት አይደለም። አያቴ ይህን ስትል ልጅን ማጽናናቷ ነበር። መቻል ክብር ነው፤ የቻለ ሰው ይመሰገናል፤ «ሰው ምን ይላል» ደግሞ ከደጅ ይጠብቃል። ለእርጥቡ እንጨት ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፣ ትዕግሥት ያስተምረዋል። ለደረቁ ግን ማፈን ብቻ ይሆናል። ኩርፊያ የሚበዛውም ከዚህ ይመስለኛል። መናገር ነውር ሲሆን ዝምታ መናገሪያ ይሆናል። ልጁ ይዘጋል፣ እናት ትዘጋለች፣ ሁለቱም ማን ቀድሞ ያናግር ብለው ይጠባበቃሉ። መተውን አጥብቆ ለሚፈራ ልጅ የሦስት ቀን ዝምታ ከዱላ ይከብዳል።

ሲተኛ የሄደች እናት

ሁለተኛው ትልቅ መነሻ የልጅነት ትስስር ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢ ሐሳቡን ጀመረ። የሥራ ባልደረባው ሜሪ አይንስዎርዝ ደግሞ በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን አጠናች። ሕፃን ልጅ ሲፈራ የሚሮጥበት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው የሚገኝ መሆኑን ካመነ ዓለምን ደፍሮ ያያል። ችግሩ የሚብሰው መሸሸጊያ የሆነው ሰው ራሱ የሚያስፈራ ሲሆን ነው። ልጁ ወደ እሱ መሮጥም ከእሱ መሸሽም ይፈልጋል። ቦርደርላይን ጠባይ ያላቸው ወጣቶች ከወዳጅ ጋር የሚያደርጉት «ና፣ ሂድ» ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል።

ከወሎ ብዙ ሴቶች ወደ አረብ አገር ይሄዳሉ። ከሚሄዱት መካከል ልጆቻቸውን ለአያት የሚተዉ እናቶች አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ሁሉ ከሕመም ጋር ማያያዝ ስሕተት ነው። አያት አሳድጋ ለወግ ማዕረግ ያበቃችው ልጅ ተቆጥሮ አያልቅም። ዋናው መለያየቱ እንዴት ሆነ የሚለው ነው። ልጁ እንዳያለቅስ ተብሎ ሲተኛ መሄድ አለ። ልጁ ሲነቃ እናት የለችም። «ገበያ ሄዳ ነው» ይባላል። ገበያው አራት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የሚወደው ሰው ሲተኛ ነቅቶ የሚጠብቅ ልጅ ቢገኝ አይገርምም። እያለቀሰ የተሸኘና በየሳምንቱ በስልክ ድምፅዋን የሚሰማ ልጅ፣ ያልተነገረውን ያህል አይጎዳም።

ድብደባ፣ ጥቃትና ቸልታም እዚህ ይገባሉ። ለሕክምና ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ በልጅነታቸው ተጎድተው ነበር። ግን ሁሉም አይደሉም። የተጎዳ ልጅ ሁሉም እንዲህ አይሆንም። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በልጃቸው ላይ ምንም ያላደረጉ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው ይኮነናሉ።

ስለ ጦርነትና ረሃብ አጭር ነገር ልበል። የ1966ና የ1977 ረሃብ በወሎ ቤቶች ትዝታ ውስጥ አለ። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተያዙ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ቆዩ። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ጎረምሳ ነው። ከጦርነት በኋላ የሚመጣ ድንጋጤ፣ ቅዠትና ብስጭት ግን የራሱ ስም ያለው ሌላ ሕመም ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ አንዳንዴም አብረው ይገኛሉ። በአንድ ስም መጥራት ግን ሕክምናውን ያሳስታል።

የሰውን ልብ ማንበብ

ፒተር ፎናጊና አንቶኒ ቤትማን የተባሉ የለንደን ባለሙያዎች ሌላ ቁልፍ ጨምረዋል። ሰው የሌላውን ሐሳብ ይገምታል። «ለምን ዘገየች?» ሲል «ታክሲ አጥታ ይሆናል» ብሎ ያስባል። ስሜት ሲጋጋል ይህ ችሎታ ይጠፋል፤ ግምቱ እውነት ይሆናል። ቴሌግራም ላይ መልእክቱ ሁለት ምልክት አሳይቷል፤ ማለትም ተነቧል። መልስ የለም። ለአንዷ ልጅ ይህ «ሥራ ላይ ናት» ነው። ለሌላዋ «ጠልታኛለች» ነው፤ መጠርጠር እንኳ የለም፣ አውቃለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስድብ ይላካል፣ ከዚያ ብሎክ፣ ከዚያ ይቅርታ። ሰውን ወይ መልአክ ወይ ሰይጣን አድርጎ ማየትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ለሴት ጸበል፣ ለወንድ ቡጢ

በክሊኒኮች ይህ ችግር ከሚገኝባቸው አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ሴቶች ናቸው ሲባል ቆይቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ግን ሕክምና የመጡትን ብቻ ሳይሆን ቤት ያለውን ሕዝብ ጠየቀ። በወንድና በሴት መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም። ታዲያ ወንዶቹ የት ሄዱ?

የሄዱበትን መገመት አይከብድም። ልጃገረዶች ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፦ ሐዘን፣ ጭንቀት፣ ምግብ መተው፣ ራስን መጉዳት። ወንዶች ወደ ውጭ ይወጣሉ፦ ጠብ፣ ከቤት መጥፋት፣ መጠጥ፣ ጫት። እሷ «መንፈስ ነው» ትባልና ጸበል ትወሰዳለች ወይም ዱዓ ይደረግላታል። እሱ «ዱርዬ» ይባላል፤ ይመታል፣ ከትምህርት ቤት ይባረራል፣ ፖሊስ ጣቢያ ያድራል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የተባለ ልጅ የቀረችለት ስሜት ቁጣ ብቻ ናት። መተውን መፍራቱን ማን ያያል? ጫት ችግሩን አይፈጥረውም። ግን እንቅልፍ ይነሣል፤ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ብስጭት ደግሞ በደረቁ እንጨት ላይ ጋዝ እንደማፍሰስ ነው።

ይህ ግን ክፍፍሉ የጠራ ነው ማለት አይደለም። ራሱን የሚጎዳ ወንድ አለ፣ በር የምትሰብር ሴትም አለች።

የት ይኬዳል?

በደሴ ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በወረዳ ደረጃ ያለው ጤና ጣቢያ የሚጠቀምበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ስለ ድብርት፣ ከእውነታ ስለሚያርቀው ሕመም (ሳይኮሲስ)፣ ራስን ስለ መጉዳትና ስለ ልጆች ጠባይ ምዕራፍ አለው። ስለ ስብዕና መታወክ ግን ለብቻው የተለየ ምዕራፍ የለውም። ስለዚህ ልጁ በድብርት ወይም በሌላ ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ባለሙያው መጀመሪያ ሌሎቹን ይለያል። ባይፖላር በሚባለው ሕመም የስሜቱ መውጣትና መውረድ ለቀናትና ለሳምንታት ይቆያል። በቦርደርላይን በሰዓታት ውስጥ ይገለባበጣል፤ ብዙ ጊዜም ሰው ነክቶት ነው። ለዚህ ችግር ተብሎ የተፈቀደ ልዩ መድኃኒት የለም። የሚሠራው ንግግር ነው። ሊንሃን የፈጠሩት ሕክምና ለጎረምሶች ሲዘጋጅ ወላጆችም አብረው ክፍል እንዲገቡ ተደርጓል። ልጁ ስሜቱን ማብረድ ይማራል፤ ወላጅ ደግሞ ሳይስማማም ቢሆን ልጁ የተሰማውን መቀበል ይማራል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የኖርዌይ ጥናት ይህ ሕክምና ራስን መጉዳትን ከተለመደው ሕክምና ይልቅ እንደቀነሰ አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ አዋቂዎችን ለ10 ዓመት የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ምልክቶቹ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንደለቀቋቸው አግኝቷል። «ይህ ጠባይ እስከ መቃብር ነው» የሚለው ልክ አይደለም።

ልጁ መሞትን ካነሣ በቀጥታ መጠየቅ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። የተባይ መድኃኒቱንና ክኒኑን ቆልፎ፣ ብቻውን ሳይተዉት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ከሆስፒታሉ ውጭ ወሎ የራሱ ማዳመጫ አለው። ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብስብ ላይ ሰው ሐጃውን፣ ማለትም ጉዳዩን፣ ይናገራል። የተሰበሰቡት «አይዞህ» ብለው ዱዓ ያደርጉለታል እንጂ «አታካብድ» አይሉትም። ዱበርቲዎቹም፣ ለዱዓ የሚሰበሰቡት ሴቶች፣ የአንዷን ሴት ጭንቀት ተቀምጠው ይሰማሉ። ይህ ሕክምና ነው አልልም። ሊንሃን ከቤት ጠፋ ያሉት መደመጥ ግን እዚያ አለ። ችግሩ እዚያ የሚናገረው አዋቂ ነው። የ15 ዓመቷ ልጅ በረካውን ትቀዳለች፣ ስኒውን ትሰበስባለች፣ ትወጣለች።