ፊርማ አሰባስቦ ከተማ መሆን ይቻላል? በጎንደር ዙሪያ የሚነገረውና እውነታው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ወደ መተማ ወይም ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ ትንሽ ከተማ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ «እኛስ መቼ ነው ከተማ አስተዳደር የምንሆነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አብረውት የሚወሩት ነገሮች ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ።

«ፊርማ ከሞላ ይበቃል»

ይህ ሐሳብ አሜሪካ ካለ ዘመድ የመጣ ይመስላል። እዚያ በብዙ ግዛቶች ነዋሪው ፊርማ አሰባስቦ፣ በድምፅ ወስኖ ከተማ ያቋቁማል። እኛ ዘንድ የነዋሪው ማመልከቻ መነሻ ብቻ ነው። በክልል ውስጥ የአስተዳደር እርከን የማደራጀት ሥልጣን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተሰጠው ለክልሉ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል፤ ደረጃውን የሚሰጠው ክልሉ ነው። ለማመልከቻው ክብደት የሚሰጠው የፊርማው ብዛት ሳይሆን አብሮት የሚቀርበው ጥናት ነው፦ የሕዝብ ብዛት፣ ከእርሻ ውጭ የሚተዳደረው ሰው ድርሻ፣ ያለፉት ዓመታት ገቢ፣ የወሰን ካርታ።

«2,000 ሰው ካለን ከተማ ነን»

ቁጥሩ የመጣው ከከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው፤ ሰው ግን ግማሹን ብቻ ይጠቅሳል። አዋጁ «ከተማ» የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበትን፣ ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ኖሮት ከሠራተኛው 50 በመቶው ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደርበትን ቦታ ነው። ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እሑድ ሁሉም ወደ ሞፈሩ የሚመለስበት ቦታ መስፈርቱን አያሟላም። ቢያሟላም ትርጉሙ ለፕላን ሥራ ነው፤ ከንቲባና ምክር ቤት አያስገኝም።

«ማዘጋጃ ቤት አለን፣ ምን ቀረን?»

ብዙ ቀርቷል። በአማራ ክልል ንዑስ ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ከእሱ ከፍ ያለው መሪ ማዘጋጃ ቤት በወረዳው ሥር ናቸው። ከተማ አስተዳደር ግን የራሱ ምክር ቤትና ከንቲባ ያለው፣ ከወረዳው ጎን የሚቆም እርከን ነው።

«አስተዳደር ስንሆን በጀት ይጎርፋል»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከክልል የሚመጣው ድጎማ በዋናነት ትምህርትን፣ ጤናንና የመሳሰለውን የመንግሥት ሥራ ለመሸፈን ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ቦይ፣ ቄራ፣ የቆሻሻ ማንሻ፣ የመንገድ መብራት የሚሠሩት ግን በዋናነት ከተማው ራሱ በሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው፦ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ከተሞች አወዳደቃቸው ተመሳሳይ ነው። አዲስ መዋቅር ሲጸድቅ ጽሕፈት ቤቶች ይከፈታሉ፣ ባለሙያ ይቀጠራል፣ የተሰበሰበው ገቢ ለደመወዝና ለአበል ያልቅና ለድንጋይ ንጣፍ የሚተርፍ አይኖርም። ያኔ የቀረው ምንጭ መሬት ብቻ ይሆናል። መሬት ደግሞ ለሊዝ የሚወጣው አንዴ ነው። ከማመልከቻው በፊት የደመወዙን ወጪ ከገቢው ጎን አስቀምጦ ማስላት ይጠቅማል፤ ሒሳቡ አንድ ገጽ አይሞላም።

«ጎንደር ያለ ማንም ፈቃድ ከተማ ሆናለች»

በነገሥታቱ ዘመን፣ አዎ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ሲመሠርቷት ማዘጋጃ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። የዘመናዊ ሕጉን መንገድ የጀመረችው ከጣሊያን በኋላ ነው፤ የ1934 ዓ.ም. የአስተዳደር ድንጋጌ ከአዲስ አበባ ጋር በከንቲባ የምትመራ ከተማ አደረጋት። (የከንቲባ ማዕረግ በጎንደርና በደምቢያ ከዚያም በፊት የነበረ ነው።) ትንሽ ከተማ ሁሉ ደግሞ ራሱን ችሎ አያድግም፤ አዘዞና ጠዳ ዛሬ በጎንደር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው።

«ከተማ ከተባለ የገበሬው መሬት የከተማ ሆነ»

ነገሩ ገና ወሬ ሳለ ነው ገዥ የሚጎርፈው። ወሰኑ ሊሰፋ ነው ሲባል የገብስ ማሳ በገመድ ተለክቶ ይሸጣል፤ በአንድ ክረምት የጨረቃ ቤቶች ይበቅላሉ። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ሰነድ የሌለው ይዞታ የሚስተናገደው ክልሉ በሚያወጣው ደንብ፣ ከፕላኑና ከሽንሻኖ (የቦታ አከፋፈል) ስታንዳርዱ ጋር ሲስማማ ብቻ ነው። ቤቱ በፕላኑ መንገድ ላይ ካረፈ፣ ለገበሬው የተከፈለው ብር አያድነውም።

ገበሬውም በወሰን ለውጥ ብቻ ማሳውን አያጣም። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመነሣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሊያወያዩት ይገባል። ምትክ መሬት ከሌለና በዘላቂነት ከተነሣ ደግሞ ካሳው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይሰላል።

የሚቀረው ጣጣ የችካሉ ነው። ወሰኑ በካርታ ላይ ይጸድቃል፤ መሬት ላይ ግን ችካሉ ሳይተከል፣ ወይም ተተክሎ በእርሻ ሲነቀል ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ መሐል የወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ማሳውን በገበሬው ደብተር ይመዘግበዋል፣ የከተማው መሬት ክፍል ያንኑ ማሳ ለሌላ ሰው በካርታ ይሰጣል፤ ሁለቱም ማኅተም አላቸው። ስለዚህ በወሰን አካባቢ ያለ ይዞታ ሲጣራ አንድ ቢሮ አይበቃም፤ ሁለቱም ጋ መሄድ፣ የወሰን ነጥቡን ኮኦርዲኔት (የመገኛ ቁጥር) ማስነበብ፣ ከዚያ ችካሉ ድረስ በእግር መውረድ ያስፈልጋል።