ባክቴሪያ በራሷ መርዝ ለምን አትሞትም?

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ በቢጫ ጀሪካን የሚሸጠውን የግመል ወተት የገዛ ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት ጣፋጭ የነበረው በዛ ሙቀት ሲውል ይኮመጥጣል፣ ግን እንደ ላም ወተት ድርቅ ብሎ አይረጋም። ይሄን የሚሰሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ታዲያ አሲዱ አይበቃቸውም፣ ባክቴሪዮሲን የሚባል ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) እየሰሩ ጎረቤት ባክቴሪያ ይገድላሉ።

ሐረማያ ስንማር (የእርሻ ኮሌጅ ሆና የጀመረችው የኛዋ ማለት ነው) ነገሩን በዓይናችን ነው ያየነው። ላብራቶሪ ሳህን ላይ የምትሞተዋ ባክቴሪያ እንደ ስስ ጉም ትዘረጋለች፣ የገዳይዋ ጠብታ መሀል ይደረጋል፣ በነጋታው ዙሪያዋን ጥርት ያለ ክብ ይወጣል፣ ገዳይዋ ግን መሀሉ ላይ ወፍራ ቁጭ ብላለች።

በደንብ የተጠናው ናይሲን ነው። ላክቶኮከስ ላክቲስ የምትባለው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የምትሰራው ባለ 34 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. 1928 ላይ ታይቶ 1969 ላይ ለምግብ ማቆያነት ዓለም አቀፍ ይሁንታ አገኘ፣ ዛሬ አይብ ምናምን ላይ ኢ234 ተብሎ ይጻፋል። አገዳደሉ ክፉ ነው፣ ሊፒድ ሁለት የሚባለውን የባክቴሪያዋን ግድግዳ ጡብ ይይዝና እዛው ሽፋኗን ይበሳዋል። ላክቶኮከስም ያው ጡብ አላት፣ ስለዚ መጀመሪያ ነገሩን ከነአፎቱ ነው የምትሰራው፣ ማለትም ፊቱ ላይ 23 አሚኖ አሲድ ተቀጥሎበት ሳይሰራ ይቆይና ውጭ ከወጣ በኋላ ይቆረጥለታል። ከዛ በኋላስ? ሁለት ጠባቂ አላት። ኒስአይ የሚባለው ፕሮቲን ሽፋኗ ላይ ከውጭ በኩል ተጣብቆ ናይሲኑን ይከላከላል፣ ኒስኤፍኢጂ የሚባለው ፓምፕ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያረፈውን ጠርጎ ያወጣል። አንዳቸው ብቻቸውን በከፊል ነው የሚያድኑት፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ነገሩ የሚሰምረው። ኒስአይ ናይሲኑን ራሱን ነው የሚይዘው ወይስ ሌላም ዘዴ አለው በሚለው ላይ ክርክር አለ፣ እኔ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ። ደስ የሚለው ግን ውጭ ያለው ናይሲን ራሱ ምልክት ሆኖ እነዚህን ጂኖች መቀስቀሱ ነው፣ መርዙ ሲበዛ ጋሻውም ይበዛል።

ላክቶኮክሲን ኤ የሚባለውን ባክቴሪዮሲን የምትሰራዋ ደግሞ ሌላ ናት። መርዙ የሚገባው ማኖስ የሚባለው ስኳር በሚገባበት በር ነው፣ የመከላከያ ፕሮቲኑም መርዙ በሩ ላይ ሲደርስ እዛው ጠርቅሞ ይይዘዋል።

ኢ ኮላይ የምትባለው የአንጀት ባክቴሪያ የምትሰራው መርዝ፣ ኮሊሲን፣ የሁሉም ታላቅ ነው፣ ቤልጂየማዊው አንድሬ ግራሺያ እ.ኤ.አ. 1925 ላይ ነው ያገኘው፣ መጠኑም ከነናይሲን በጣም ይተልቃል። ኮሊሲን ኢ9 ዲኤንኤ ቆራጭ ነው፣ ገና ሲሰራ መከላከያው ይጣበቅበታል፣ አያያዙም እስካሁን ከሚታወቁት ጥብቅ የፕሮቲን ቁርኝቶች አንዱ ነው። የሚላቀቁት ጠላት ዘንድ ሲገባ ነው። ርዕሱ ላይ አትሞትም ብያለሁ፣ እዚህ ጋ ግን ትንሽ ዋሽቻለሁ፣ ኮሊሲን የምትለቀው ባክቴሪያ ራሷ ፈንድታ ነው የምትለቀው፣ የሚተርፉት እህቶቿ ናቸው።

ማይክሮሲን የሚባሉትን ትናንሽ መርዞች የሚሰሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ አንዳንዶቹ መርዙን በፓምፕ ነው የሚገላገሉት።

የኮሊሲንና የመከላከያው ጂን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፕላዝሚድ (ከዋናው ዲኤንኤ ውጭ ያለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ስትከፋፈል ያንን ፕላዝሚድ የጣለች ልጅ ካለች መርዙም ጋሻውም አብሮ ይቀርባታል፣ የገዛ እህቶቿ መርዝም ይገድላታል።