እንዶድ፣ የጥጥ ፍሬና የፋብሪካ የእርግዝና መከላከያ፦ የሕዋስ ደህንነት ከጎንደር ሲታይ

እንዶድ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ነጠላና ጋቢ ሲነጣበት ኖሯል። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን በሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎች ላይ ያደረጉት የእንዶድ ምርምርም ከዚያ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ እንዶድ የወንድ ዘርንም እንደሚገድል በላብራቶሪ ታየ፤ እርግዝናን ለመከላከል ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የሚገድለው ግን መርጦ አይደለም። ሳፖኒን የሕዋሱን ሽፋን ይበሳል። በውሃ በቀጠነ ደም ላይ ሳይሆን ሕዋሱን በማይጎዳ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ባለ ደም ላይ ሳፖኒን ቢጨመር እንኳ ቀይ የደም ሕዋሶች ይፈነዳሉ፤ ደፍርሶ የነበረው ብልቃጥ ጥርት ያለ ቀይ ይሆናል። የሴት ብልት ግድግዳ ሕዋስም ሽፋን አለው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ዘሩን የሚገድለው መጠን የሴቲቱን ሕዋስ ከሚጎዳው መጠን ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ መድኃኒቱ ከጓሮ መጣ ከፋብሪካ ለውጥ የለውም።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ኖኖክሲኖል-9 ነው። ሰው ሠራሽ የወንድ ዘር ገዳይ ነው፣ በጄልና በክሬም ይሸጣል፣ ሥራው እንደ ሳሙና ሽፋን ማፍረስ ነው። በቤኒን፣ በኮትዲቯር፣ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ በወሲብ ንግድ በተሰማሩ ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ አዘውትረው የተጠቀሙት ይበልጥ በኤችአይቪ ተያዙ። ደጋግሞ ሲነካው ግድግዳው ይላጣል፤ ለቫይረሱም በር ይከፈታል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የተጠበቀው ጥበቃ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘች።

በመተማ ቆላ የሚመረተው ጥጥም የራሱ ታሪክ አለው። በፍሬው ውስጥ ጎሲፖል ይገኛል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከ8,000 በላይ ወንዶች ላይ እንደ እርግዝና መከላከያ ሞከረችው። ዘር ቀነሰ፤ ግን የአንዳንዶቹ ደም ፖታሲየም አነሰው፣ አንዳንዶቹም ካቆሙ በኋላ መውለድ አልቻሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ምርምሩን ተወው። የተጣራ የጥጥ ዘይት ግን ለዚህ አያሰጋም፤ ማጣሪያው ጎሲፖሉን ያስወግደዋል።

ጤና ጣቢያ የሚሰጡት እንክብል፣ የሦስት ወር መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው በሌላ መንገድ ይሠራሉ። ሽፋን አይበሱም፤ ሆርሞኑ ሕዋሱ ውስጥ ባለው ተቀባይ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጣል፣ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል። ጉዳታቸውም ሌላ ነው፦ ኢስትሮጂን ያለበት እንክብል የደም መርጋትን ዕድል ይጨምራል፣ መርፌው ደግሞ በጊዜ ሂደት የአጥንትን ጥንካሬ ይቀንሳል። ጤና ባለሙያዋ እንክብል ከመስጠቷ በፊት የደም ግፊት የምትለካው ኢስትሮጂን ያለበት እንክብል ግፊቷ ከፍ ላለ ሴት የስትሮክና የልብ ሕመምን ዕድል ስለሚጨምር ነው። ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ከፈለገች ግን ሆርሞን የሌለበት፣ መዳብ የተጠቀለለበት አለ፤ እሱን ለማስገባት የደም ግፊት ልኬት ግዴታ አይደለም። የእንዶድን ጭማቂ ወደ ሰውነት ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም።