ኤንዲሲ ምንድን ነው? "68.8 በመቶ ቀነስን" ለምትሉ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ "ኢትዮጵያ የካርቦን ልቀቷን በ68.8 በመቶ ቀንሳለች፣ ፈረንጅ ይፈር" ብሎ ለጥፎ ሰዉ ሼር በሼር አደረገው። ኧረ በግሸኗ! ቁጥሩ የመጣው ከኤንዲሲያችን ነው፣ እሱ (NDC) ደግሞ በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት እያንዳንዱ አገር በየ5 ዓመቱ የሚያስገባው የራሱ የልቀት ቅነሳ እቅድ ነው። እቅድ!

ለወሎ ሰው በስለት ነው የማስረዳው። መስከረም 21 ግሸን ጃንጥላ ይዞ የሚወጣው ሰው "ልጅ ስጪኝ፣ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ" ብሎ የተሳለ ነው፣ ልጁ ካልመጣ ጃንጥላም የለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታደሰው ኤንዲሲ ከ68.8ቱ ውስጥ በራሳችን አቅም እንቀንሳለን ያልነው 14ቱን ብቻ ነው፣ የቀረው 54.8 የውጭ ብር ከመጣ የሚል ስለት ነው። ልዩነቱ ግሸን ላይ ስለቱን ያስቀረ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፣ ፓሪስ ግን እቅድ አስገባ ይልሃል እንጂ ባትፈጽመው የሚቀጣህ የለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ "ከምን ላይ ነው የተቀነሰው?" ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ። ከዛሬው ልቀት አይደለም እኮ! እንደለመድነው ብንቀጥል እ.ኤ.አ. በ2030 እንደርስበታለን ተብሎ ከተገመተው 403.5 ሚሊዮን ቶን ልቀት ላይ ነው፣ በራሳችን አቅም ከሆነ 347.3፣ ከነድጋፉ 125.8። ማለት ተሳዩ ሰካራም ነው እንበልና "በዚህ አያያዜ ወደፊት በሳምንት 10 ጠርሙስ አረቄ እጠጣለሁ፣ ከሱ ላይ እቀንሳለሁ" ብሎ እንደተሳለ ቁጠረው፣ ዛሬ 6 እየጠጣ ነገ 8 ተኩል ቢገባ ስለቱን ጠብቋል ማለት ነው፣ ሚስቱ ግን ምን እንደምትል አንተው ገምት።

ይሄን ስለው ያ የለጠፈው ሰውዬ "ታዲያ የተተከለው ችግኝስ?" አለኝ። ወንድሜ፣ የተተከለ ችግኝ ብዛት ቶን አይደለም። ስንቱ ጸደቀ፣ ባህር ዛፍ ነው ወይስ ጽድ፣ መሬቱ ቀድሞ ምን ነበረበት፣ ይሄ ሁሉ ተሰልቶ ነው ቶን የሚወጣው። የኛ ልቀት ደግሞ አብዛኛው ከመኪና ሳይሆን ከከብትና ከመሬት ነው፣ የከብቱም ቢሆን በቁጥሩ ልክ በአማካይ ተባዝቶ የሚገኝ ግምት ነው እንጂ የወሎ ላም በግሳት የምታወጣውን ጋዝ አንድ በአንድ የለካ የለም። እኛ ግብርና ላይ ያለን ሰዎች ከነጥብ በኋላ ያለችውን 8 ስናይ ፈገግ የምንለው ለዚህ ነው።

አገር ምን ሠራ የሚለውን ማየት የፈለገ፣ ስለቱን ትቶ በዚሁ በፓሪሱ ስምምነት አገሮች በየ2 ዓመቱ የሚያቀርቡትን የግልጽነት ሪፖርት ይክፈት፣ የመጀመሪያው ማስገቢያ ቀን እ.ኤ.አ. የ2024 መጨረሻ ነበር። እዚያም ውስጥ ቢሆን በመጀመሪያ የማየው የልቀቱን ቁጥር ሳይሆን የመጣውን ብር ነው፣ ለልማት እርዳታ የተሰጠው ራሱ ብር ለአየር ንብረትም ተብሎ ሁለቴ ሲቆጠር ብዙ አይቻለሁ።