ሶዲየምና ጨው፦ ለምን በ2.5 እናባዛለን?

ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተጠበሰ ቆሮሶ ላይ የሚነሰነሰው ጨው እንጂ ሶዲየም ብቻውን አይደለም። ሶዲየም ለብቻው ውሃ ሲነካ የሚንጨረጨር ሜታል፣ ክሎሪን ደግሞ መርዛማ ጋዝ ነው። የሶዲየም አተም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን አተም ሲሰጥ ሁለቱም አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው አተም) ሆነው ይሳሳባሉ፤ ጨው ይህ ነው።

ተማሪ የሚሳሳተው ሶዲየምን ወደ ጨው የመቀየር ስሌቱ ላይ ነው። የሶዲየም አቶሚክ ክብደት 23፣ የክሎሪን 35.5፣ ድምሩ 58.5 ነው። 58.5 ለ23 ሲካፈል 2.5 ገደማ ይሆናል፤ የሶዲየሙን መጠን በ2.5 ስናባዛ የጨውን መጠን እናገኛለን። የምግብ እሽግ ላይ «ሶዲየም 400 ሚሊግራም» ካለ በጨው ሲሰላ 1 ግራም ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2 ግራም ሶዲየም በታች ሲል ከ5 ግራም ጨው በታች ማለቱ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ስሙን አምታቶ «5 ግራም ሶዲየም» ብሎ ለታካሚ የጻፈ ባለሙያ 12.5 ግራም ጨው ፈቀደ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከክሎሪን ጋር የተያያዘ አይደለም። ስለዚህ ዳቦው ጨው ጨው ባይልም ሶዲየሙ ይቆጠራል።