የዝውውር ጭምጭምታና የተጫዋች ዋጋ ክርክር

የዝውውር ጭምጭምታ ማለት አንድ ተጫዋች ክለቡን ሊለቅ ነው፣ እከሌ የተባለ ክለብ ፈልጎታል፣ የተጠየቀበትም ዋጋ ይህን ያህል ነው የሚል ገና ያልጸና ወሬ ነው። የአውሮፓ ሊጎች የዝውውር መስኮት (ክለቦች ተጫዋች እንዲገዙና እንዲሸጡ የሚፈቀድበት ጊዜ) ሲከፈት ጎርፍ ይሆናል፤ ሲዘጋም ጨርሶ አይደርቅም። «ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣል?»፣ «በዚህ ዋጋ ከለቀቅነውማ ተበላን» የሚለው የደጋፊዎች ሙግት ለብዙ ሰው ከጨዋታው ያልተናነሰ ደስታና ንዴት ይሰጣል።

ሙግቱ እንደ ሥራ ፈት ወሬ ሲታይ ኖሯል፤ ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። በሶማሌ አካባቢ የግመል ገበያ ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከላይ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ ጣት በመጨባበጥ ዋጋ ይነጋገራሉ። ከጎን የቆመ ሰው ስንት እንደተባለ አያይም። በእግር ኳስ ገበያ ደግሞ ጨርቁን ከተደራዳሪዎቹ አንዱ ሆን ብሎ ገለጥ ያደርገዋል፤ ዳር የቆመው ሕዝብ አይቶ እንዲጮህ ይፈለጋልና። ጩኸቱ ዋጋ ያንቀሳቅሳል።

ከ100 ፓውንድ እስከ 222 ሚሊዮን ዩሮ

በእንግሊዝ ተጫዋች በገንዘብ መዛወር የጀመረው 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳያልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 አስቶን ቪላ ዊሊ ግሮቭስን ከዌስት ብሮም ሲወስድ የከፈለው 100 ፓውንድ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) በ1905 ሚድልስብራ አልፍ ኮመንን ከሰንደርላንድ በ1,000 ፓውንድ ሲያመጣ፣ ለአንድ ኳስ ተጫዋች ይህ ሁሉ ገንዘብ ይወጣል ወይ የሚል ቁጣ ተነሳ። ዛሬ በየቡና ቤቱ የሚሰማው ቁጣ ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ቃሉ ያው ነው። በ1979 ትሬቨር ፍራንሲስ ከበርሚንግሃም ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት ሲሄድ በእንግሊዝ የሚሊዮን ፓውንድ ዘመን ገባ። በ2017 ኔይማርን ከባርሴሎና ወደ ፓሪ ሴንት ዠርሜ የወሰደው 222 ሚሊዮን ዩሮ ደግሞ እስካሁን አልተደፈረም።

በመሐል አንድ ፍርድ አለ። ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ውሉ ካለቀ በኋላ የቀድሞ ክለቡ አላፈናፍን ስላለው ከሰሰ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ1995 ውሉ ያበቃ ተጫዋች ያለ ክፍያ ወደፈለገበት የአውሮፓ ኅብረት ክለብ መሄድ እንደሚችል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዋጋ ለሚከራከር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጎል አገባ?» ሳይሆን «ውሉ ስንት ዓመት ቀረው?» ሆኗል። ኪሊያን ምባፔ ለዓመታት ወደ ሪያል ማድሪድ ሊሄድ ነው ሲባል ቆይቶ በ2024 የሄደው ውሉን ጨርሶ ነው፤ ማድሪድ ለክለቡ ለፓሪ ሴንት ዠርሜ የዝውውር ሂሳብ አልከፈለም።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

ለዚህ ጥያቄ የሞይሰስ ካይሴዶን ጉዳይ የሚያህል መልስ የለም። ብራይተን ኢኳዶራዊውን አማካይ በ2021 ከሀገሩ ክለብ ኢንዲፔንዲየንቴ ዴል ቫዬ ሲያመጣው የከፈለው 5 ሚሊዮን ፓውንድ አይሞላም ነበር። በጥር ወር 2023 አርሰናል መጀመሪያ 60፣ ቀጥሎ 70 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አቀረበ። ብራይተን ሁለቱንም መለሰ። ልጁ በኢንስታግራም ገጹ ልሂድ የሚል ግልጽ ደብዳቤ አወጣ፤ ከአሥር ልጆች የመጨረሻው መሆኑን አነሳ፤ ለክለቡም የሪከርድ ገንዘብ እንደሚያስገኝለት አስታወሰ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጻፈው ለክለቡ ሊቀ መንበር ብቻ ቢሆን ኖሮ በፖስታ ይላክ ነበር። ብራይተን ግን አልተበገረም፤ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ረጅም ውል አስፈረመው።

በነሐሴ ሊቨርፑል በ111 ሚሊዮን ፓውንድ ከብራይተን ጋር ተስማማ። ደጋፊው «ጨረስነው» ባለ ማግስት ተጫዋቹ ምርጫዬ ቼልሲ ነው አለ። ቼልሲም 100 ሚሊዮን የተረጋገጠ፣ 15 ሚሊዮን ደግሞ ወደፊት በሚታይ ውጤት የሚታከል ከፍሎ ወሰደው። ከጥር እስከ ነሐሴ ዋጋው በ45 ሚሊዮን ዘለለ። የልጁ ኳስ በሰባት ወር ይህን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጡት የውሉ ዕድሜና የፈላጊዎቹ ቁጥር ናቸው።

«የሚታከል» የሚባለው ክፍያ የብዙ ጠብ ምንጭ ነው። አንዱ ካይሴዶ በ100 ሚሊዮን ተገዛ ይላል፣ ሌላው በ115 ነው ብሎ ይማላል፣ ሦስተኛው ቁጥሩን በዩሮ አንብቦ ከሁለቱም በላይ ይጠራል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም ግማሽ ሌሊት ይከራከራሉ። ክለቦችም ይህን ብዥታ ይወዱታል፤ ሻጩ ትልቁን ቁጥር ለደጋፊዎቹ ሲያሳይ ገዢው ትንሹን ያወራል።

ደጋፊው ብዙም የማያየው የሂሳብ መዝገቡን ነው። በ100 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛ ተጫዋች የአምስት ዓመት ውል ከፈረመ በመዝገብ ላይ ወጪው በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ሆኖ ይከፋፈላል። ውሉ ስምንት ዓመት ከሆነ የዓመቱ ድርሻ ይቀንስ ነበር። ቼልሲ በ2022 እና 2023 በዚህ መንገድ ብዙ ተጫዋቾችን በረጅም ውል ሲሰበስብ የአውሮፓው ማኅበር ዩኤፋ ክፍፍሉን በአምስት ዓመት ገደበው፤ ፕሪሚየር ሊጉም በ2023 መጨረሻ ተከተለ። በተቃራኒው ከክለቡ አካዳሚ ያደገ ልጅ ሲሸጥ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። ደጋፊው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የሰፈሩ ልጅ መጀመሪያ ለገበያ የሚቀርብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አንዲት ፓውንድ

የውል ማፍረሻ ማለት ማንም ክለብ ይህን ያህል ካቀረበ ሻጩ እንቢ ማለት የማይችልበት አንቀጽ ነው። በስፔን ተጫዋች ውሉን ገንዘብ ከፍሎ የማፍረስ መብት በሕግ ስላለው የማፍረሻው ዋጋ በየውሉ ይጻፋል። ለኔይማርም የሆነው ይኸው ነው፤ ሊጉ ገንዘቡን አልቀበልም ቢል ጠበቆቹ ወደ ባርሴሎና ሄደው ከፈሉ፤ ክለቡ ምንም ማድረግ አልቻለም። በእንግሊዝ ግን አንቀጹ እንደተጻፈበት ቃል ይለያያል።

በ2013 ክረምት አርሰናል ለሉዊስ ሱዋሬዝ ለሊቨርፑል ያቀረበው 40,000,001 ፓውንድ ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ አንድ ፓውንድ የወጣችው በውሉ ውስጥ «ከ40 ሚሊዮን በላይ» የሚል አንቀጽ አለ ተብሎ ነው። የሊቨርፑል ባለቤት ጆን ሄንሪ በትዊተር ገጹ «እዚያ ኤምሬትስ (የአርሰናል ስታዲየም) ምን እያጨሱ ይሆን?» ብሎ አላገጠ። ሊቨርፑል አንቀጹ እንድንነጋገር እንጂ እንድንሸጥ አያስገድደንም ብሎ ጸና፤ ሱዋሬዝ ቀርቶ በዚያው የውድድር ዘመን በሊጉ 31 ጎል አገባ፤ በ2014 ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ዋጋው ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ነበር። ሄንሪ በኋላ በአንድ ጉባኤ ላይ የ40 ሚሊዮን ማፍረሻ እንደነበረ፣ ሆኖም ላለመሸጥ እንደወሰኑ በአደባባይ ተናገረ። ሀገራችን ያለ የአርሰናል ደጋፊ ያቺን አንዲት ፓውንድ ዛሬም አልረሳትም፤ ተቀናቃኙም እንዲረሳት አይፈቅድለትም።

ወሬ የሚሸጥበት ሱቅ

ወሬውን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ጥቅም ያለው ሰው ነው። ወኪሉ የደንበኛውን ደሞዝ ለማስጨመር ትልቅ ክለብ ፈልጎታል ይላል። ሻጩ ክለብ ሁለተኛ ፈላጊ እንዳለ ያስወራል። ገዢው ደግሞ «እኛ ወደ ሌላ ዞረናል» ያስብላል፤ መርካቶ ውስጥ ዋጋ ጠርቶ ሁለት እርምጃ የሚራመደው ሸማች እንደሚያደርገው፣ «ና ተመለስ» መባልን እየጠበቀ። ከክለቡ ጀርባ ተጫዋች ማነጋገር ግን በደንቡ መሠረት የተከለከለ ነው። በ2005 መጀመሪያ የአርሰናሉ አሽሊ ኮል ከቼልሲ ሰዎች ጋር በለንደን ሆቴል ተገናኝቶ ቼልሲም፣ አሰልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆም፣ ራሱ ኮልም ተቀጡ። በቀጣዩ ዓመት ግን ኮል ወደዚያው ወደ ቼልሲ ሄደ።

ከወሬው ማትረፍም አዲስ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ ማብቂያና በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ «ክለብኮል» የሚባል የስልክ አገልግሎት ነበር። በቴሌቪዥኑ የጽሑፍ ገጽ ላይ ስሙ ያልተጠቀሰ አጥቂ ወደ ክለባችሁ ሊመጣ ነው የሚል መስመር ይወጣል፤ ማን እንደሆነ ለመስማት ደዋዩ በደቂቃ ይከፍላል። ዛሬ ያ ሱቅ በነጻ ይመስላል፤ ክፍያው በተመልካች ቁጥር ሆኗል። ጣሊያናዊው ጋዜጠኛ ፋብሪዚዮ ሮማኖ «ሂር ዊ ጎ» ካላለ ዝውውር አልቆም አይባልም፤ እንግሊዝኛ የማይናገረው ደጋፊ ሳይቀር ቃሉን እንደ ማኅተም ይጠቅሰዋል። በጀርመን በ2000 የተመሠረተው ትራንስፈርማርክት የተባለ ድረ ገጽ ደግሞ የተጫዋቾችን የገበያ ግምት የሚያወጣው አባላቱ ተከራክረው በሚደርሱበት ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው። የደጋፊ ሙግት ቁጥር ሆኖ ይወጣል፤ ቁጥሩን ጋዜጣ ይጠቅሰዋል፤ ደጋፊውም ተመልሶ ለሙግቱ ማስረጃ ያደርገዋል።

ወሬ ሰው እስከመፍጠርም ይደርሳል። በ2009 የለንደኑ ታይምስ ከ50 የዓለም ተስፈኛ ወጣቶች መካከል ማሳል ቡግዱቭ የተባለ የ16 ዓመት ሞልዶቫዊ 30ኛ አድርጎ አስቀመጠ፤ አርሰናል ይፈልገዋል ተብሎለትም ነበር። እንዲህ የሚባል ልጅ ግን በምድር ላይ አልነበረም፤ ቀልደኞች የፈጠሩት ነበር።

የመዝጊያው ሌሊት

ፊፋ የዝውውር መስኮትን በመላው ዓለም ያስገደደው ከ2002/03 ጀምሮ ነው። እንግሊዞች በጋ የሚሉት መስኮት በእኛ ክረምት ስለሚውል የሀገራችን የስፖርት ጋዜጠኞች የክረምቱ ዝውውር ይሉታል። ለብዙ ዓመታት የመዝጊያው ሰዓት በለንደን ከምሽቱ 11 ሰዓት ስለነበር በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል፤ በጥር ወር መስኮት ደግሞ 8 ሰዓት። ጠዋት ሥራ ላይ የሚያንቀላፋው ሰው ማን እንደሆነ በማየት ብቻ የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆነ መገመት ይቻል ነበር። በ2025 መዝጊያው ወደ ምሽት በመምጣቱ በእኛ ምሽት 3 ሰዓት ላይ አለቀ። አሌክሳንደር ኢሳክ ከኒውካስል ወደ ሊቨርፑል በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በእንግሊዝ ሪከርድ፣ የተዛወረው በዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ሳምንታት ሙሉ አልጫወትም ብሎ ቃል ታጥፎብኛል የሚል መግለጫ እስከማውጣት ደርሶ ነበር።

ሰዓቱ ምሕረት የለውም። በ2015 የማንቸስተር ዩናይትዱ ዳቪድ ዴ ሄያ ወደ ሪያል ማድሪድ ሊሄድ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሰነዱ ዘግይቶ ቀረ፤ ሁለቱ ክለቦች በመግለጫ ተወነጃጀሉ፤ ግብ ጠባቂው እስከ 2023 ማንቸስተር ኖረ። በ2017 ሌስተር የገዛው የአድሪየን ሲልቫ ወረቀት ለፊፋ የደረሰው 14 ሰከንድ አልፎ ነው፤ ተጫዋቹ እስከ ጥር ድረስ መጫወት አልቻለም። ፒተር ኦደምዊንጊ ደግሞ በ2013 ክለቦቹ ሳይስማሙ መኪናውን አስነስቶ ወደ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ስታዲየም ነድቶ፣ በካሜራ ፊት ቆይቶ፣ ባዶ እጁን ወደ ዌስት ብሮም ተመለሰ። ወሬውን ያመነው ደጋፊ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ነው።

በእኛ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሙግት ቦታው የታወቀ ነው፤ የሬዲዮ ስፖርት የተከፈተበት ታክሲ፣ ፀጉር ቤት፣ ማኪያቶው ቀዝቅዞ የቆመበት ጠረጴዛ። ቋንቋው ብዙ ቁጥር ነው፤ «ገዛን»፣ «ሸጥን»፣ «ተቀማን» ይባላል። አንዱ በደረሰኝ ጀርባ ላይ 100 ሚሊዮን ፓውንድን ወደ ብር መመንዘር ይጀምራል፤ ዜሮዎቹ ሲበዙበት እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። «እንግዲህ አይከፍሉትም እንዴ፣ ቴሌቪዥኑን የምናየው እኛ አይደለን?» ይላል አጠገቡ ያለው፤ የክለቡን ገቢ ከስርጭት መብት ጋር ያያዘው ይህ ሰው ከብዙ ተንታኝ የቀረበ ነው።

የሀገር ውስጡ ገበያ በሌላ ሕግ ይሄዳል። የተጫዋቾች ውል ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ስለሆነ ክለብ ለክለብ የሚከፍለው አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ሙግቱ ያለው በደሞዙና በፊርማው ገንዘብ ላይ ነው። በ2019 የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን የክርክሩ ጥያቄ «ስንት ተባለ?» ከሚለው «በጎን ስንት ተሰጠው?» ወደሚለው ዞረ። ወደ ውጭ የሚሄዱትም አሉ፤ አቡበከር ናስር በ2022 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንደሄደው።

በፊፋ ደንብ መሠረት ውል ያለው ተጫዋች ከሀገር ወደ ሀገር በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ክፍያው የሚደርሰው ግን ልጁ በየዓመቱ የት እንደተጫወተ የሚያሳይ ምዝገባ ሲኖር ነው። በሰፈር ሜዳ ላይ ለዓመታት ልጅ ያሰለጠነ፣ ኳሱንና ማሊያውን ከኪሱ የገዛ አሰልጣኝ ቡድኑን ካላስመዘገበ፣ ልጁ ስንት ሚሊዮን ቢያወጣ በወረቀቱ ላይ ስሙ የለም።