ኢንዶርስመንት ምንድን ነው? ታዋቂ ሰው ፖለቲከኛ ሲደግፍና ሚዲያው ሲያራግበው

ኢንዶርስመንት ባጭሩ ስም ያለው ሰው አደባባይ ወጥቶ "እኔ የምመርጠው እከሌን ነው፣ እናንተም ምረጡት" ሲል ነው። እኛ ጋ ግን ሁሉም ነገር ይደበላለቃል፣ ደብረ ብርሃን ወይ ሸዋ ሮቢት ላይ መድረክ ተዘጋጅቶ ዘፋኝ ተከፍሎት ሁለት ዘፈን ቢዘፍን ማታውኑ ፌስቡክ ላይ "እገሌ ፓርቲውን ደገፈ" ተብሎ ይለቀቃል፣ ሰውዬው እኮ ስራውን ሰርቶ ነው የሄደው። ከባለስልጣን ጋር ፎቶ መነሳትም እንደዛው ነው፣ ድጋፍ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የቆየ ነው፣ ዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ በ1960 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) ለፕሬዝዳንትነት ለተወዳደረው ኬኔዲ ቀስቅሷል። በጣም የሚጠቀሰው ግን የቴሌቪዥን አቅራቢዋ የኦፕራ ዊንፍሬይ ነው። በ2007 ኦባማን ደግፋ አዮዋ ድረስ ሄዳ ቀሰቀሰችለት፣ በኋላ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች መጽሔቷ የት የት በብዛት እንደሚሸጥ አይተው፣ ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት የውስጥ ምርጫ 1 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አምጥታለታለች ብለው ገመቱ። ቁጥሩ እስካሁን በየዜናው ይዞራል፣ ግምት መሆኑና የውስጥ ምርጫን ብቻ የሚመለከት መሆኑ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ዘፋኟን ቴይለር ስዊፍትን እዩ። በ2018 ቴነሲ ላይ ለሴኔት የተወዳደረውን ፊል ብሬደሰንን ደገፈች፣ ተሸነፈ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ደግሞ የፕሬዝዳንት እጩዎቹ ሃሪስና ትራምፕ ተከራክረው እንዳበቁ ድመቷን አቅፋ የተነሳችውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጥፋ ሃሪስን እንደምትመርጥ ጻፈች። የዚያን ሰሞን ዜና ስታነቡ መጀመሪያ የተከታዮቿ ብዛት፣ ከዛ ድመቷ፣ ከዛ ትራምፕ ምን አለ፣ ለምን እንደደገፈቻት የጻፈችው ነገር ታች ነው የምታገኙት። በአንድ ቀን ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ሰው እሷ ባስቀመጠችው ሊንክ ወደ መንግስት የመራጮች ድረ ገጽ ገብቷል፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ገጹን መክፈት ሌላ፣ መመዝገብ ሌላ፣ ሃሪስን መምረጥ ደግሞ ሌላ። ዘፋኟ ቢዮንሴም ቴክሳስ ውስጥ ሂውስተን ላይ ወጥታ ተናገረችላት፣ ሃሪስ ቴክሳስንም አገሩንም ተሸነፈች። ከዛ በኋላ ቢዮንሴ ሚሊዮኖች ተከፍሏት ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ፣ የምርጫ ወጪ መዝገቡ ላይ የተገኘው ግን ለድርጅቷ የዝግጅት ወጪ ተብሎ የተከፈለ 165 ሺህ ዶላር ነው። መዝገቡን አገላብጠው ያዩ ጋዜጠኞች ስላሉ ነው ይሄንን ያወቅነው።

ሚዲያው ለምን እንዲህ ይሮጥበታል ካላችሁ ስለሚቀል ነው። የዘፋኝ ፖስት ገልብጦ ዜና ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም፣ የተወዳዳሪን የግብርና ፖሊሲ ለመጻፍ ግን ሰነድ ማንበብና ባለሙያ ጋ መደወል አለ፣ አንባቢ ደግሞ የቱን እንደሚነካ ይታወቃል። ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የሚጎዳው መራጩ ነው። ጫጫ ተወልዳ በሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ ያመጣችው ጌጤ ዋሚ ስለ ሩጫ ብትነግረኝ ቃሏን እንዳለ እቀበላለሁ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ግን መንዝ ላይ ገብስ የሚዘራውን ገበሬ ብሰማ ይሻለኛል፣ ጋዜጠኛውም ማይኩን ወደሱ ቢያዞር።

ደገፈ የሚል ዜና ስታዩ ሶስት ነገር ፈልጉበት፣ ምረጡት ብሎ በራሱ አፍ ተናግሯል ወይ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ገንዘብ ተከፍሎታል ወይ። የሶስቱም መልስ ከሌለበት ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሰውዬው የተናገረበትን ሙሉ ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት።